የማክሰኞ አደራ

ልዑል ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ከረባቱን ሲያስር ራሱን «ክቡር ሰብሳቢ» ብሎ ይጠራል። በሹክሹክታ ነው ታዲያ፤ ሚስቱ ትዕግስት እንዳትሰማው። ትዕግስት ግን ትሰማዋለች፤ ሰምታም ሽንኩርቷን እየከተፈች ብቻዋን ትስቃለች።

ክብሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ የምርጫ ነው። ሰንበሌጥ በር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነፋስ ሲያሻው የሚያንገላታት ትንሽ ከተማ፣ የራሷ ምክር ቤት አላት፤ ሰብሳቢውንም የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ልዑል አምስት ዓመት ሰብስቧል። አሁን ለምርጫው አንድ ወር ከምናምን ቀርቷል፣ እሱም ሌላ አምስት ዓመት ለመሰብሰብ ቆርጧል። ሌላ ምንም አልፈለገም፤ ያቺን ወንበር ብቻ። እስካሁን ተፎካካሪ እንኳ አልተመዘገበም። ማን ደፍሮ?

እንዲህ ሁሉ ነገር ሰላም በሆነበት ሰዓት ነው እንግዲህ ሄዶ የጡረተኞቹን መኪና የነካው።

መኪናዋ አሮጌ ቅጥቅጥ ናት። በየማክሰኞው ጡረታ የወጡትን የከተማዋን ሰዎች ያለ ክፍያ ደብረ ብርሃን አድርሳ ትመልሳለች፤ ግማሾቹን በዚህ ማክሰኞ፣ ግማሾቹን በሚቀጥለው። ከልዑል በፊት የነበረው ምክር ቤት ነው ይህን የሰጣቸው። ዕድሜውን በሥራ የጨረሰ ሰው ለሆስፒታል ቀጠሮው ብሎ መንገድ ዳር በውርጭ መቆም የለበትም ተብሎ ነው። ከአንኮበር የሚመጣው ታክሲ እንደሆነ ሞልቶ ነው የሚያልፈው፤ እጅ ሲያወዛውዙለት ጥሩምባውን ነፍቶ፣ አቧራውን አልብሶ ይሄዳል።

ልዑል ግን ለመኪናዋ ነዳጅ የሚወጣውን ገንዘብ ለሌላ ነገር አጭቶታል። ለፏፏቴ። አደባባዩ መሐል፣ ማታ ማታ አረንጓዴና ቢጫ መብራት የሚያበራ ፏፏቴ።

«ጡረተኞቻችን ስልሳ ሦስት ናቸው» አለ በሩ በተዘጋ ስብሰባ። «መራጩ ሦስት ሺህ ነው። ስልሳ ሦስት ሰው ቢያኮርፍ፣ ያኮረፈው ስልሳ ሦስት ሰው ነው። ፏፏቴውን ግን ሦስት ሺው ሁሉ ያየዋል።»

አባላቱ አጨበጨቡ። መኪናዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ለምክር ቤቱ ሥራ» ተባለች፤ የልዑል ሆነች ማለት ነው።

የስብሰባው በር ተዘግቶ ነበር ያልነው ለወጉ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከተማዋን ሁለት ጊዜ ዞሯታል። እራት ላይ የልዑል አማት እትዬ ሸዋወርቅ መጥተው ተቀመጡ። እትዬ ሸዋወርቅ ከልጃቸው ቤት ጎን ነው የሚኖሩት። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ክር ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ በማሽን ጩኸት ውስጥ የኖረ ሰው መጮህ ሰልችቶታል ይላሉ።

«ሰማሁ» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«መኪናዋን።»

«ለልማት ነው እኮ እማማ። ፏፏቴ ልንሠራ ነው።»

«እዚህ? የባልዲ ውኃ ጠዋት ጠዋት በረዶ በሚሠራበት አገር?»

«ዘመናዊ ነው፤ አይረጋም።»

«ደግ። እኔ እንኳ ለራሴ አይደለም፤ እግዜር ይመስገን እግሬ ደህና ነው። አደራውስ?»

«የምን አደራ?»

እትዬ ሸዋወርቅ ትኩር ብለው አዩት። አምስት ዓመት ከተማ ያስተዳደረ ሰው ይህን አለማወቁን ማመን አቅቷቸው ነው። ከዚያ ወጡን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። «ተወው። ብላ።»

ልዑል በላ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎት ነበር።

አልቆ አልነበረም። ጡረተኞቹ ሰልፍ አልወጡም፣ ደብዳቤ አልጻፉም፣ ማንንም አልረገሙም። ማክሰኞ ሲመጣ ጋቢያቸውን ደርበው የወፍጮ ቤቱ ግንብ ሥር ፀሐይ መሞቅ ብቻ ጀመሩ። ችግሩ ሌላው ሰው ጋ ነበር። ሰንበሌጥ በር ውስጥ ደብረ ብርሃን ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ለዓመታት የሚልከው በእነሱ ነበርና። የባጃጁ ልጅ የፍሬን ሸራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ፣ የስኳር በሽተኛው መድኃኒት፣ ማኅተም የሚፈልግ ወረቀት፣ የሚጠገን መነጽር፣ ዩኒቨርሲቲ ላለች ልጅ የሚላክ በሶ። ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ አይሄድ፣ ገበሬው እርሻውን ጥሎ አይሄድ። ሽማግሌዎቹ ግን ይሄዳሉ፤ አንዱ ባንክ ተራ ሲይዝ ሌላው ሆስፒታል ይሰለፋል፣ ሦስተኛዋ ገበያ ትወጣለች። ማታ ሁሉም ዕቃ በየቤቱ ይደርሳል። ይኸው ነው አደራ ማለት። የትም አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈም ልዑል አያውቀውም።

«መኪና የለም ልጄ» ይላሉ አሁን፣ ለመጣው ሁሉ፣ በፈገግታ። «ሰብሳቢው ጋ ጠይቂ።»

ሦስት ማክሰኞ እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ ልዑል ገበያ መሐል የምርጫ ንግግር አደረገ። ስለ መንገድ ተናገረ፣ ስለ መብራት ተናገረ፣ ስለ ፏፏቴው ሲደርስ ድምፁ ራሱ ፏፏቴ ሆነ። ንግግሩን ሲጨርስ ልብስ ሰፊዋ መስከረም እጇን አወጣች።

«ፏፏቴው ጥሩ ነው ጋሼ። የስፌት መኪናዬን መርፌ ማን ያመጣልኛል?»

«ምን መርፌ?»

«ተሰብሮብኝ ቆሜያለሁ። እትዬ ሸዋወርቅ ነበሩ የሚያመጡልኝ።»

«የኔም የፍሬን ሸራ!» አለ አንዱ ከኋላ። «የእናቴ ኪኒን!» አለች ሌላዋ። ጉርምርምታው መነሣት ጀመረ።

ሌላ ሰው ቢሆን «እናየዋለን» ብሎ ይወርድ ነበር። ልዑል ግን ማይክ የያዘ ልዑል ነው፤ ማይክ ሲይዝ ደግሞ ልቡ ያብጣል።

«ወገኖቼ! በዚህ ነው እንዴ የምትጨነቁት? እኔ ማክሰኞ ደብረ ብርሃን እወርዳለሁ። አደራ ያለው ሁሉ ሰኞ ቢሮዬ ያምጣ። እኔ ራሴ፣ በእጄ አደርሳለሁ!»

ጭብጨባው ደመቀ። ከፊት ረድፍ ጋሽ ዘሥላሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ጋሽ ዘሥላሴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ልዑልንም ጭምር።

«ራስህ?» አሉት።

«ራሴ ጋሼ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም!»

«መልካም። ሁላችሁም ሰምታችኋል» አሉና ተቀመጡ። ፂማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ፈገግ ያለ ይመስላል።

ሰኞ የልዑል ቢሮ ቢሮ መሆኑ ቀረ። ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ በዳኛው ቤት በኩል ዞሮ ሥጋ ቤቱ ጋ ደርሷል። እትዬ ሸዋወርቅ በሩ ላይ ዱካ አስቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ አንድ ቅርጫት የሱፍ ክር ይዘው፣ ዕቃው በገባ ቁጥር ክር ያስሩበታል። ቀይ ከነጭ፣ ሰማያዊ ድርብ፣ ቢጫ ሦስት ቋጠሮ። ሠላሳ አንድ ዓመት ክር የለየ ሰው ነው፤ በቀለሙና በቋጠሮው ብቻ የማን ዕቃ እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሄድና ምን እንደሚደረግበት ያውቃሉ። ከሳቸው ጋር የሚሄዱት ሁሉ ያውቁታል።

«ክሩን እንዳትፈታው» አሉት ለልዑል። «ማታ መጥቼ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ፤ ጻፈው።»

«እሺ እማማ» አለ ልዑል፣ ለሁሉም ሰው «እሺ» በሚልበት ድምፅ። ማታ ሲመጡ የቅስቀሳ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጥቷል።

ማክሰኞ ንጋት ላይ የመኪናዋን ኋላ ከፍቶ ሲያይ ደነገጠ። ሦስት አውራ ዶሮዎች ጭምር እግራቸው ላይ ባለቀለም ክር ታስሮላቸው አፍጥጠው ያዩታል። የከተማ ሰብሳቢ እንዲህ የሕፃናት ልደት የመሰለ መኪና ይዞ ደብረ ብርሃን ይገባል? መቀስ አወጣ። ክሩን ሁሉ ቆርጦ ጣለና በራሱ ሥርዓት ደረደረው፤ መነጽር ከመነጽር፣ ጫማ ከጫማ፣ ፖስታ ከፖስታ፣ ዶሮ ከዶሮ።

ሾፌሩ ባየው ጭንቅላቱን አከከ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ ብሆን ያንን ክር...»

«ባየው፣ አንተ ንዳ።»

ባየው ነዳ።

መነጽር ጠጋኙ ሰባቱን መነጽር ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ቀና አለ። «የትኛው ነው መስታወቱ የሚቀየረው? የትኛው ነው እግሩ የሚጠገነው?»

«ሁሉንም... እንደሚሆን አድርጋቸው።»

«ጌታዬ፣ በየማክሰኞው የሚመጡት ሽማግሌ ደህና ናቸው? ታመሙ እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ልዑል በዚያ ቀን ስድስት ጊዜ ተጠየቀ። የጧፍ ነጋዴዋ ጠየቀችው፣ የመለዋወጫ ሱቁ ልጅ ጠየቀው፣ የመዝገብ ቤቱ ጥበቃ ጠየቀው። ፋርማሲስቷማ ወረቀቶቹን ከእጁ ነጥቃ መድኃኒቱን ሁሉ ራሷ በየስሙ ለየችው፤ እሱን አላመነችውም፣ እግዜር ይስጣት። ባንክ ሲሰለፍ መዝገብ ቤት ተዘጋበት፤ መዝገብ ቤት ሲሮጥ የባንክ ተራው አለፈበት። ለካ ያንን ሁሉ ሰልፍ ሠላሳ ሰው ተከፋፍሎ ነበር የሚቆመው። ሦስቱን ዶሮዎች ታቅፎ ሦስት ዘመድ ቤት ሲያንኳኳ፣ በሦስቱም ቤት «ይሄ የኛ አይደለም፤ የኛ ገብስማ ነው የተባልነው» ተባለ። ከሦስቱ ገብስማ የሚባል አንድም የለም፤ ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ናቸው። ይህን ማን እንዳሳሳተው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አመሻሽ ላይ ሰንበሌጥ በር ሲደርስ ከተማው ወጥቶ ይጠብቀዋል። ማደል ጀመረ። መስከረም ፖስታዋን ስትከፍት የባጃጅ ካንዴላ አገኘች። የባጃጁ ልጅ የሙሽራ ዳንቴል ደረሰው። ባለ ሥጋ ቤቱ የተላከለትን መነጽር አድርጎ ዞር ሲል፣ ጋሽ ዘሥላሴን «እንደምን አመሹ እትዬ» አላቸው።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ግን ሁሉም ሳቀ። የሚያንከተክት፣ ሆድ የሚያስይዝ ሳቅ። ልዑል መኪናዋ ደረጃ ላይ ዶሮ ታቅፎ ቆሞ ሰማው። በፖለቲካ ውስጥ አምስት ዓመት ኖሯል፤ የተቆጣን ሰው እንዴት እንደሚያበርዱት ያውቅበታል። የሚስቅን ሰው ግን ምን ያደርጉታል? ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯ ከሥሩ ስትንሸራተት ተሰማው።

«መልስላቸው» አለችው ትዕግስት እቤት ሲገባ። ጫማውን እንኳ አላወለቀም ነበር።

«አሁን ብመልስ ፈራ ይሉኛል።»

«ባትመልስስ ምን የሚሉህ መሰለህ?»

«ሰው ይረሳል። ምርጫው ገና ሁለት ሳምንት ከምናምን ይቀረዋል። ደግሞስ ከእኔ ሌላ ማንን ሊመርጡ? ማንም አልተመዘገበም።»

ትዕግስት የእናቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ምን ሲያሰላስሉ እንደሰነበቱ ታውቃለች፣ አልተናገረችም።

የእጩዎች ምዝገባ የሚዘጋው ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ሥር ስልሳ ሦስት ሰው ተነሣ። በከዘራ የሚሄደው በከዘራው፣ በልጅ ትከሻ የሚደገፈው ተደግፎ፣ ዋናውን መንገድ ሞልተው ወደ ምርጫ ጣቢያው አቀኑ። ፊት ፊት እትዬ ሸዋወርቅ፣ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው። ባለሱቆች በየደጁ ብቅ አሉ። ባጃጆች ጥግ ያዙ። ባየው መኪናዋን አቁሞ ቢሮ ድረስ ሮጠ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ አማትዎ!»

«ምን ሆኑ?»

«እየተመዘገቡ ነው!»

ልዑል ከረባቱ በትከሻው ላይ እየተርገበገበ ደረሰ። እትዬ ሸዋወርቅ ፈርመው ብዕሩን ለጸሐፊዋ እየመለሱ ነበር።

«እማማ! በእኔ ላይ?»

«አቶ ልዑል» አሉት፣ በሰው ፊት ስለሆነ በአንቱታ፤ አንቱታውም ከስድብ በላይ አቃጠለው። «በእርስዎ ላይ ምን አለኝ? ልጄን የዳርኩልዎ ሰው ነዎት። የመጣሁት በመኪናዋ ጉዳይ ነው።»

«መኪናዋን መልሻለሁ! አሁን! በዚች ደቂቃ! ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!»

«ጎሽ! እግዜር ይስጥልን። ማክሰኞ እንሄዳለን ማለት ነው።»

«እንግዲያው ስምዎን ያሰርዙታ።»

እትዬ ሸዋወርቅ መዝገቡን ጎንበስ ብለው አዩት። «እንዴት ብዬ ልጄ? በብዕር እኮ ነው የተጻፈው።»

ጋሽ ዘሥላሴ እስኪያስላቸው ሳቁ።

እትዬ ሸዋወርቅ ቅስቀሳ አላደረጉም ቢባል ማን ያምናል? ግን አላደረጉም። ፎቷቸው የትም አልተለጠፈም። ሁለቱን ማክሰኞ ጡረተኞቹ ደብረ ብርሃን ሄዱ፣ ዕቃውን አመጡ፣ ማታ በየቤቱ አንኳኩተው «እንካ አደራህን፣ ደህና እደሩ» ብለው አለፉ። ስለ ምርጫ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ልዑል ግን ሦስት መቶ ፖስተር አሳትሟል። በየቤቱ ይገባል፤ ሰው ሁሉ በደስታ ይቀበለዋል፣ ወንበር ይስብለታል። ወሬ ሲጀምር ዓይኑ የሆነ ነገር ላይ ያርፋል። መስከረም ቤት የስፌት መኪናዋ ይንቀጫቀጫል፤ ከጎረቤቷ መስኮት ላይ አዲስ የኪኒን ብልቃጥ ተቀምጧል። «ማን አመጣልሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ያውቃላ።

«አንተም ጥሩ ልጅ ነህ እኮ» አሉት አንዲት ሴትዮ፣ ሊሸኙት በር ድረስ ወጥተው። እጩ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

እሑድ ምርጫው ተካሄደ፣ ሰኞ ውጤቱ ተለጠፈ። እትዬ ሸዋወርቅ ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ፤ ልዑል ሰባት መቶ ሁለት። ልዑል ወረቀቱ ፊት ብዙ ቆመ። ስልሳ ሦስት ሰው ነበር ያስቀየመው። የቀሩት ከየት መጡ? ከዚያ ግን መልሱን ራሱ በአካል አየው፤ ወረቀቱን ሊያነብ ከጎኑ የተገፋፋው ሰው ሁሉ፣ የባጃጁ ልጅ፣ የጧፉ ዲያቆን፣ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ አንድም ጡረተኛ የለበትም። ግን ከእነዚህ ውስጥ ሽማግሌ ያልተላከለት ማን አለ? አንዱን ሰው የነካ መስሎት የነካው የሁሉንም እጅ ነበር።

ምን ይደረግ፤ ልዑል ክፉ ሰው አይደለም። ከረባቱን አስተካክሎ ወደ አማቱ ቤት ሄደና «እንኳን ደስ ያለዎት እማማ» አለ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። ና ግባ፣ እራት ደርሷል» አሉት። ስለ ምርጫው በዚያ ማታ ከዚህ በላይ አልተነሣም። ትዕግስት ብቻ አልፎ አልፎ ወደ ጓዳ እየገባች አፏን ይዛ ትመለሳለች።

አዲሷ ሰብሳቢ በመጀመሪያው ስብሰባቸው አንድ ነገር አስወሰኑ፤ የጡረተኛ ጥቅም ሊነካ ሲታሰብ ጡረተኛው ቁጭ ብሎ በሚሰማበት፣ በር ተከፍቶ እንዲሆን። ፏፏቴውን አልከለከሉም። «ብርዱ ሲያልፍ እናየዋለን» አሉ። ሰንበሌጥ በር ውስጥ ብርድ አልፎ የሚያውቅበት ወር እስካሁን አልተገኘም።

በወሩ፣ አንድ ማክሰኞ ንጋት፣ ልዑል ፖስታ ይዞ መኪናዋ ወደምትነሣበት መጣ። ሰብሳቢ ከመሆኑ በፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ወደ ማስተማሩ ልመለስ ብሎ ማስረጃውን አዘጋጅቷል፤ ወረቀቱ ደብረ ብርሃን ማኅተም ማግኘት አለበት። ከአንኮበር የመጣው ታክሲ ሞልቶ አቧራውን አልብሶት አልፏል።

እትዬ ሸዋወርቅ፣ ሰብሳቢም ቢሆኑ ጡረተኛ ናቸውና፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው አደራ ይቀበላሉ።

«እማማ፣ ይቺን ወረቀት...» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ከአጠገባቸው ጋሽ ዘሥላሴ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «የማስተማር ነው? ጎሽ! ማስተማሩንስ ድሮም ታውቅበት ነበር። እኔ እይዝልሃለሁ፤ እዚያ ቢሮ የምሰለፈው እኔ ነኝ።»

ልዑል ፖስታውን ሊያቀብላቸው ሲንጠራራ እትዬ ሸዋወርቅ በጣታቸው ወደ ኋላ አመለከቱት። መስከረም ጨርቅ ይዛ፣ የባጃጁ ልጅ የተሰበረ መስታወት ይዞ፣ ሌሎችም ከኋላቸው ቆመዋል።

«ሰልፍ አለ ልጄ» አሉት።

ልዑል ፖስታውን ብብቱ ሥር አደረገና ሄዶ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመ።